ሙሽራዋን የበላ ኮምፒውተር

"አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋን በላሃት!"

ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳን አልቀደመም። ደዋይዋ ድሬዳዋ ከዚራ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ደንበኛችን ናቸው። እኔ ሐረር ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ማሽን ገጣጥሜ የላክሁላቸው እኔ ነኝ። ቀለበት በሚያስሩበት ቦታ ላይ የሙሽራዋ ፊት በአረንጓዴ ካሬ ተሞልቷል አሉኝ። ሙሽራው ምንም አልሆነም።

"እሱማ ቢሸፈን ግድ የለኝም፤ የከፈለችኝ እሷ ናት!"

ነገሩ የጀመረው በብር ነው። እትዬ ፈጣን ማሽን ፈለጉ፤ የያዙት ብር ግን አዲስ አይገዛም። ስለዚህ ዩዝድ ኮር አይ 7-2600ኬ አገኘሁላቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ፕሮሰሰር ነው፤ የፋብሪካ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ። መጨረሻው ላይ ያለችው "ኬ" ግን ቁም ነገር አላት፤ ማልቲፕላየሩ፣ ማለትም መነሻ ፍጥነቱን የሚያባዛው ቁጥር፣ አልተቆለፈም ማለት ነው። ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር ውስጥ ገብተህ መነሻዋን 100 ሜጋኸርዝ በ46 ታባዛታለህ፣ 4.6 ጊጋኸርዝ ሆነልህ። ኦቨርክሎክ የሚሉት ይኸው ነው። በነፃ ግን አይደለም። ፍጥነቱን ስትጨምር ቮልቴጅ ጨምርልኝ ይላል፤ ቮልቴጁን ስትጨምር ደግሞ የሚያወጣው ሙቀት በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚያድገው። ደህና ፋን ገጠምኩበትና ማታ ሱቁ ሲዘጋ ፕራይም 95ን አስነሥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ይህ ፕሮግራም ሲፈጠር ለፍተሻ አልተሠራም። ሜርሴን የሚባሉትን ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ለሚፈልጉ ሰዎች ነው የተጻፈው። ስሌቱ ፕሮሰሰሩን አላፈናፍን ስለሚለው እኛ የጥገና ሰዎች ለማስጨነቂያ ወሰድነው። ደስ የሚለው፣ ስህተትን ይይዛል። በስሌቱ መሀል የሚወጡት ቁጥሮች ሙሉ ቁጥርን ሊጠጉ ይገባል። ከ0.4 በላይ ከራቁ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነውና ወዲያው ያቆማል።

አንድ ሰዓት ሠራ። ዝንፍ አላለም። ከፍተኛው ሙቀት 74 ዲግሪ። ወሩ ግንቦት ቢሆንም የሐረር ማታ ነው፤ ጃኬት ለብሻለሁ፤ ክፍሉ 18 ዲግሪ ነው። ፕላስተር ቀድጄ "ተፈትኗል" ብዬ ጻፍኩና ጎኑ ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ድሬ ወረደ።

እና አሁን ሙሽራ በላ። መጀመሪያ "የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ይሆናል" አልኩ። አልነበረም። "እስቲ እንደገና ሬንደር ያድርጉት" አልኩ፤ ቪዲዮውን አቀናብሮ የማውጣቱን ሥራ ማለቴ ነው። ማታ አደረጉት፤ ሙሽራዋ ጨረቃ መስላ ወጣች። እኔም በሶፍትዌሩ አላከክሁና ተገላገልኩ። ማታ ሠርቶ ቀን የሚያጠፋው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ኮምፒውተር ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። "ኮዱን ያንብቡልኝ" አልኳቸው። መጨረሻው 124 ነው። ሀርድዌሩ ራሱ ተሳሳትኩ ሲል የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ኦቨርክሎክ የነካካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሆዴ ቡጭ አለ። አለቃዬ ፊቴን አይተው ብዙ አልጠየቁኝም። "በል ራስህ ውረድ" አሉኝ።

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። መንገዱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አወዳይን፣ ሐረማያን አልፈህ ደንገጎን መውረድ ስትጀምር ሰዉ በየወንበሩ ሹራቡን ያወልቃል። እኔም አወለቅሁ። እጄ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን መንገድ ስንቴ ወርጃለሁ! ማሽኑ ግን ምን ያውልቅ?

ከዚራ ስደርስ ቀትር ነው። ሱቁ ሁሉ ዘግቷል፤ ሰው ወይ ምሳ ላይ ነው ወይ በርጫ ሊቀመጥ ነው። የእትዬ ቤት ግን የሰርግ ሥራ ተቆልሎበት ክፍት ነው። ማሽኑ ጠረጴዛ ሥር ተወሽቋል። አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጎኑን ስነካው ምጣድ ነው። ቬንትሌተሩ ወደ እሳቸው ዞሯል፤ አይፈረድባቸውም። ክፍሉ ውስጥ 34 ዲግሪ። "ተፈትኗል" የምትለዋ ፕላስተር ጫፏ ተልጦ ተንጠልጥላለች።

ጨርቁን ሳላነሳ ፕራይም 95ን ለቀቅሁት። በ11ኛው ደቂቃ ስሌቱን ጎን ለጎን ከሚሠሩት መስመሮች አንዷ ቆመች፤ የማጠጋጋት ስህተት 0.5፣ የሚጠበቀው ከ0.4 በታች። ሙቀቱ 93 ደርሷል። ያስደነገጠኝ መቆሟ አይደለም። ሌላው ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠሉ ነው። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ከኮምፒውተሩ የተከፈተው ዘፈን አልተቋረጠም። ኮምፒውተሩ አልወደቀም፤ ሒሳቡን ብቻ ነው የሳተው። ሬንደር ላይ ሒሳብ ሲስት ደግሞ አረንጓዴ ካሬ ይሆናል።

ደምረው። ድሬ ሐረርን በ16 ዲግሪ ትበልጣለች፤ 74 ላይ ስትጨምረው 90። የቀረችው ሦስት የጥልፉ ጨርቅ ድርሻ ናት። ፕሮሰሰር ሲግል ለዚያው ፍጥነት ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በ74 ዲግሪ ያብቃቃው ቮልቴጅ በ93 አጠረው። ይህ ቺፕ ራሱን ለማዳን ፍጥነት የሚቀንሰው 98 ዲግሪ ላይ ነው፤ የእኛው እዚያ ሳይደርስ ነው የተሳሳተው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ጓደኞቼ አንድ ሰዓት ይበቃል፣ የለም 24 ሰዓት ካልሆነ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እኔ የሐረርን ሌሊት ሙሉ ባስኬደው ኖሮ ያው "ተፈትኗል" ብዬ ነበር የምልከው።

ጨርቁ ተነሣ፣ ማሽኑ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ማልቲፕላየሩን ወደ 42 አወረድኩ፣ ቮልቴጁንም ቀነስኩ። ከ7 እስከ 11 ሰዓት፣ ድሬ በምትጋገርበት ሰዓት፣ ፈተንኩት። 79 ዲግሪን አላለፈም፤ አንድም መስመር አልቆመም።

"አሁን ታዲያ ምን ያህል ዘገየብኝ?" አሉኝ እትዬ።

"በሰዓት ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው።"

"ለስድስት ደቂቃ ነው ይኼ ሁሉ?! አቦ፣ በስድስት ደቂቃ ቡና እንኳን አይፈላም!"

የምመልሰው አልነበረኝም። ያቀረቡልኝን ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ፤ ፕላስተሯን ልጬ ኪሴ ከተትኩና ወደ ሐረር ወጣሁ።

በሳምንቱ አለቃዬ ማለዳ ሱቅ ሲገቡ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ካርቶን ተደፍቶ አገኙ። ካርቶኑ ጎን ተበስቶ ቴርሞሜትር ገብቶበታል፤ 35 ይላል። ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ምንድን ነው ይኼ ደግሞ?"

"ድሬዳዋ ነው፣ ጋሼ።"