ጆሮዬ ጭው እያለ ያስገባሁት ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ሲያርፍ ወፍጮ ቤቱን እኔ ያዝኩት፤ ልጆቼን ያሳደግኩትም በእሱ ነው። ወፍጮ ቤት የቆመ ያውቀዋል፤ ሞተሩ ከተነሣ ሒሳቡ በጣት፣ ወሬው በጩኸት ነው። እኔን የቸገረኝ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነበር። ጆሮዬ ጭው... ይላል። መጀመሪያ ጋደም ስል ብቻ፣ ኋላ ሌሊቱን ሙሉ። ጎረቤቶቼ «ሰው አንስቶሽ ነው» ይሉኛል። እስኪነጋ ድረስ የሚያነሣኝ ማን ይሆን?

እንቅልፍ አጣሁ፤ ልጆቼን እቆጣለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ይደርሰኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ጩኸቱ ሸፍኖት ነው፣ እሱ ከሄደ መስማቱም ይመለሳል ብለን ነበር ቤተሰቡ ሁሉ የጸለየው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጄ ሱባኤ ያዝኩ፣ ጠበሉን ተጠመቅኩ። «ይህን ጩኸት ካራቅህልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብዬም ተሳልኩ።

ከዚያ መልስ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ተቆሞ ሳለ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከበሮው ይሰማኛል። ጸናጽሉ ግን በካህናቱ እጅ ሲወዛወዝ አያለሁ እንጂ አይሰማኝም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ጠበሉን አትተዪ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል የሚለው ሲራክ እኮ ነው» አሉኝ። የጸሎቴ መልስ ከዚህ እንደጀመረ አምናለሁ።

አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም አየኝ። ኩክ ይሆናል ብሎ መጀመሪያ እሱን ፈተሸ፤ ጆሮዬ ንጹሕ ነው። ከዚያ ድምፅ የማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝና፣ ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ አሉኝ። የወጣው ወረቀት ላይ መስመሩ ደህና ሄዶ ሄዶ ቀጭን ድምፅ የሚለካበት 4000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ 15000 ያህል ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አሉ፤ ኃይለኛ ድምፅ ለዓመታት ሲደበድባቸው ይሞታሉ፣ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ቀድመው። ጸናጽሉ፣ የሕፃን ድምፅ፣ «ስ» እና «ፍ» የጠፉብኝ ለዚህ ነው። በዚያ በኩል ድምፅ ሲቀርበት አንጎል ጣቢያ እንደጠፋበት ሬዲዮ የራሱን ሹሹታ ከፍ ያደርጋል። መስማቴን የወሰደው የጆሮዬ ጭውታ አልነበረም ማለት ነው፤ ይልቅ የመስማቴ መቀነስ ነው ጭውታውን ያመጣው። ጆሯቸው ደህና ሆኖ የሚጮህባቸውም አሉ፤ የኔ ግን ከወፍጮው ነው። የድምፁ ኃይል 85 ዴሲቤል ሲሆን በቀን 8 ሰዓት ነው ወሰኑ፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነኝ።

የሞተው የሰው ሕዋስ መልሶ አይበቅልም፣ የዶሮ ግን ይበቅላል አለኝ። በየበዓሉ የማርዳት ዶሮ በልጣኝ አረፈች!

የመስሚያ መሣሪያ ታዘዘልኝ። ዋጋውን ስሰማ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ በዚያው ወር የዕቁቡ ዕጣ ለኔ ወጣ። እንደ አጋጣሚ የሚያየው ይኖራል፣ እኔ ግን የሰጠኝን አውቀዋለሁ። መሣሪያውን አድርጌ ቤቴ ስገባ ልጄ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ሽሽሽ ሲል ሰማሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ውጪው ድምፅ ሲገባ የውስጡ ወደ ኋላ አለ። ማታ ሳወልቀው ይመለሳል፤ ቢሆንም ዝም ባለ ቤት አትተኚ ስለተባልኩ መዝሙር ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል።

ጥላውን ሰኔ 30፣ በቅዱስ ዮሐንስ ልደት አስገባሁ። «ጩኸቱ መች ራቀና ነው ስለት የምታስገቢው?» ያሉኝ አሉ። ጠፋ ብዬ አልመሰክርም፤ ለእግዚአብሔር ክብር ውሸት አያስፈልገውም። እኔን ያስለቀሰኝ ሌሊቱ ነበር፣ ሌሊቱን መልሶልኛል። ያንን እየተኛሁበት ስለት ላስቀር?

አሁን ልጄ ወፍጮ ቤት ሲገባ የጆሮ መከላከያ ያደርጋል፤ ደንበኛ ይስቅበታል፣ ይሳቅ። ጆሯችሁ ጭው የሚላችሁ ወገኖቼ፣ ጸልዩ፣ መስማታችሁንም አስመርምሩ። አንድ ጆሮ ድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀን አታሳድሩ፤ ለዚያ የሚሰጠው መድኃኒት የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው።