ብሌድ ወይስ ራክ? ደሴ ላይ ሰርቨር የገዛሁበት ጣጣ

ሰርቨር ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሜትር ግዙ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ደሴ ውስጥ መድኃኒት በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት አለ፤ ኮምፒውተሮቹን የማየው እኔ ነኝ። የሽያጩና የመጋዘኑ ሶፍትዌር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዳታቤዙ ይታመማል። ባለቤቱ ሐጂ ጠርተውኝ "ይኼን ነገር አንድ መላ በለው" አሉኝ።

አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ወዲያው ብሌድ አለ፤ ከሌሎች ጋር ተደርድራ አንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ የምትሰካ ቀጭን ሰርቨር ማለት ነው። "ነገ ስታድጉ መሰካት ብቻ ነው።" ያገለገለች አንዲት ብሌድ ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ ሐጂም ደስ አላቸው። ያልተነገራቸው ነገር ግን ብሌድ ብቻዋን እንደማትሠራ ነው። የራሷ ፓወር ሰፕላይ የላትም፣ ፋን የላትም። ሁሉም ያለው ቻሲሱ፣ ማለትም የምትሰካበት ሣጥን ላይ ነው። ለእኛ የቀረበው የኤችፒ ሲ7000 ነበር። ግማሽ ቁመት ያላቸውን 16 ብሌዶች ይይዛል። ፓወር ሰፕላዩ እስከ 6፣ ፋኑ እስከ 10 ይደርሳል። ሲሞላ ክብደቱ ከ200 ኪሎ ያልፋል። የእኛ ቢሮ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም።

እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ መብራቱ ነው። ፓወር ሰፕላዮቹ የሚፈልጉት ተራውን የኮምፒውተር ገመድ ሳይሆን 16 አምፔር የሚችለውን ወፍራሙን ነው። ሁለት ብሌድ ብቻ ብትሰኩም ቻሲሱ የራሱን ድርሻ ይበላል። ዩፒኤሱና (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው) ጀነሬተሩም በዚያው ልክ ማደግ አለባቸው። "ሐጂ፣ ለሁለት ሰው ብለን አውቶቡስ ልንገዛ እኮ ነው" አልኳቸው። ሳቁና "በል አንተ ምረጥ" አሉ።

አቋሜ ይኼ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከአሥር በላይ ሰርቨር የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲቲ ወይም ባንክ ካልሆናችሁ ብሌድን እርሱት። ብዙ ሲሆን ቦታና ገመድ መቆጠቡ እውነት ነው። ለሁለትና ለሦስት ግን ራክ፤ የራሱ ፓወር ሰፕላይና ፋን ያለው፣ ምሰሶ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ሰርቨር።

ሁለት ያገለገሉ ዴል አር730 ገዛን፣ እያንዳንዳቸው 2ዩ (ዩ የሰርቨር ቁመት መለኪያ ነው)። "አዲስ ከነዋስትናው ግዛ" ያላለኝ ሰው የለም። ቴክኒሻኑ 400 ኪሎ ሜትር አቋርጦ እስኪመጣ የምንጠብቅበት ዋስትና ምን ያደርግልናል? አንድ ዓይነት ሁለት ማሽን ይሻላል፤ አንዱ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ዲስኮቹን አንዱ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ በሬይድ አሰርኩ፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩትን) ከፈትኩ፣ ሶፍትዌሩን አዛወርኩ። ይኼ ሁሉ ያለ ችግር አለቀ።

ያቃጠለኝ ሰርቨሮቹ የሚታሰሩበት ካቢኔት ነው።

ፕሮፎርማው ላይ "የሰርቨር ካቢኔት፣ 19 ኢንች፣ ከነሙሉ ዕቃው" ተብሎ ተጽፏል። ዕቃው በአይሱዙ ሐረጎን ወጥቶ ደረሰ። ካቢኔቱን አቁመን ሬሉን፣ ሰርቨሩ ተንሸራቶ የሚገባበትን ሐዲድ፣ ስንለካው ከኋላው ምሰሶ አልፎ ሄደ። የካቢኔቱ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰርቨሩ ብቻውን 68 ያልፋል። የላኩልን ለስዊችና ለካሜራ መቅጃ የሚሆነውን ነው።

ለሻጩ ደወልኩ። "19 ኢንች አይደለም እንዴ?" አለኝ። ነው። "ታዲያ ስታንዳርድ ነዋ!" 19 ኢንች ወርዱ ነው፣ እኔ የምልህ ጥልቀቱን ነው ብለው፣ "ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው ይኼንኑ ነው" ይለኛል። በሌላ ቀን የኋላ በሩን ንቀለው አለኝ። ነቀልኩት። ምሰሶው በሩ ላይ አይደለማ! ቀጥሎ "ትሪ ልላክልህና ላዩ ላይ አስቀምጠው" መጣ። ትሪው የሚታሰረው ከፊት ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ዲስክ ሲሞላ ከ30 ኪሎ ያልፋል። በመጨረሻ እንቀይራለን፣ የመኪናው ግን በእናንተ ነው አለ። በማን ጥፋት? ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሐጂ በየጠዋቱ ብቅ ይላሉ። "ሣጥኑ መጣ?" አልመጣም። "አብሽር" ብለውኝ ይሄዳሉ። ከዚያ አብሽር ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ሲመረኝ ሸዋበር አካባቢ ወዳለ ብየዳ ቤት ሄድኩ። በር እና መስኮት የሚሠራ ሰው ነው። ከአንግል ብረት አራት ምሰሶ፣ ከፊት እስከ ኋላ 75 ሴንቲ ሜትር፣ በምሰሶዎቹ መሐል 45 ሴንቲ ሜትር ክፍተት። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ቀዳዳው ነው። የራክ ቀዳዳ እኩል አይራራቅም፤ 15.9፣ 15.9፣ ከዚያ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሦስቱ ተደምረው 1ዩ፣ ማለትም 44.45 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። በያጁ የመጀመሪያውን ምሰሶ እኩል እኩል በስቶ ጠበቀኝ። "ያንተ አያምርም፣ አስተካከልኩልህ" አለኝ። ሬሉ እንቢ አለ። ከዚያ የዚያን የማይረባ ካቢኔት ምሰሶ ፈታሁና ከአንግሉ ጋር በሞርሳ አስረን በራሱ ቀዳዳ ውስጥ መሰርሰሪያውን አስገባን። ገጠመ! ቀለም ተቀባ፣ የመሬት ሽቦ ታሰረለት፣ ሰርቨሩ ተንሸራቶ ገባ። ከፋብሪካ ከወጣ ራክ የማላሳንሰው የደሴ ሥራ ነው።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ ጥልቀቱን በሴንቲ ሜትር አጽፉ። ለሰርቨር 100 እና ከዚያ በላይ በሉ። ሬሉ አብሮ መኖሩንም አጽፉ፤ ያገለገለ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ሬሉ ይቀራል። የሰርቨሩን ሁለት ፓወር ሰፕላይ አንድ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። አንዱ ዩፒኤስ ላይ፣ ሌላው ስታቢላይዘር ላይ ይሁን፤ ዩፒኤሱ ራሱ የሚሞትበት ቀን ይመጣል።

ኤሲ የግድ ነው ይሏችኋል። ደሴ ላይ አልገዛሁም። ዴል ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ ይሠራል ይላል፤ ከ950 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ስለዚህ የእኛ ጣሪያ 30 ገደማ ነው። ማጣሪያ ያለው መስኮትና አየር አስወጪ ፋን ይበቃል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብትልም ትሞቃለች፤ እዚያ ኤሲ ግዙ።

ለቤት የምትፈልጉት ካላችሁ 1ዩ እንዳትገዙ። ቁመቱ ትልቅ ፋን ስለማያስገባ ትናንሾቹ ሲሽከረከሩ ያፏጫሉ፣ እንቅልፍ የለም። 2ዩ ወይም ቆሞ የሚቀመጠው ታወር ይሻላል።

ሐጂ አሁን ለኮምቦልቻው መጋዘን ሌላ ራክ አዘዋል። በያጁ ደግሞ ነቄ ብሏል፤ ዋጋውን በቀዳዳ ነው የሚያሰላው።