ስምንት ወር ከሲምፎኒያ ጋር፦ ያሰቃየኝ ጥጡ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሙሉ ኤስታምፒ (የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመሣሪያ ዜማ) መሣሪያዬ አንድም ጊዜ ሳይጮህብኝ ተጫወትኩ። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ ደስታዬ ገና አልበረደም።

ሲምፎኒያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ይጫወቱበት የነበረ ሣጥን መሰል መሣሪያ ነው። እጀታው ሲዞር የእንጨት መንኮራኩሩ ጅማቶቹን ይፈትጋል፤ ግራ እጅ ቁልፎቹን እየተጫነ ዜማውን ያወጣል፤ የቀሩት ጅማቶች አንድ ድምፅ ይዘው ያጅባሉ። ማሲንቆ ለሚያውቅ ሰው መንኮራኩሩ ማለቂያ የሌለው ደጋን ነው።

ልቤ የተማረከው በስፔን፣ በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ነው። ማቴዎ የተባለው ጠራቢ በሠራው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ደጅ ቅስት ላይ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ተቀምጠዋል። እኛ ጽና ይዘው ነው የምናውቃቸው፤ እዚያ ግን የያዙት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከመካከል ያሉት ሁለቱ የሲምፎኒያን ታላቅ፣ ኦርጋኒስትሩምን፣ ጭናቸው ላይ አጋድመው ለሁለት ይዘውታል። ከሥሩ ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት።

የቁልፎቹ ነገር በሁለት ወር አለቀልኝ። ጥጡ ግን አላልቅ አለ።

ጅማቱ መንኮራኩሩን በሚነካበት ቦታ ላይ ስስ ጥጥ ይጠመጠማል፤ መንኮራኩሩም የጥድ ሙጫ ይቀባል። ጥጡ ከበዛ ድምፁ ይታፈናል፤ ካነሰ ያፏጫል። ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ ትናንት ያማረው ሁሉ ይበላሻል። እኔ ከፋርማሲ የገዛሁትን ጥጥ እየጠመጠምኩ፣ ባፏጨ ቁጥር ሙጫ እየጨመርኩ ሦስት ወር አባከንኩ። የፋርማሲ ጥጥ ጭረቱ አጭር ስለሆነ ይጓጉላል። ሙጫ መጨመርም ጩኸቱን ያባብሰዋል እንጂ አያስታግሠውም፤ ማሲንቆ መቺ ደጋኑን ዕጣን ሲቀባ እጁ ለምን እንደሚቆጥብ አሁን ገባኝ።

መፍትሔው የመጣው ከእናቴ ነው። በስልክ ስነግራት «ባዘቶውን አትጎትተው፤ በጣትህ ያዝ አድርገህ ራሱ እንዲመጣ ተወው» አለችኝ። ዕድሜ ልኳን ፈትላለች። ጭረቱ ረጅም የሆነ ጥጥ ፈልጌ እንዳለችኝ ሳብኩት፤ የሸረሪት ድር መሰለ። ጅማቱን አስነክቼ መንኮራኩሩን በቀስታ ሳዞር ጥጡ ራሱ ተጠመጠመ። ሲጠመጠም አቅጣጫው መንኮራኩሩ ሲዞር የሚጠብቅበት መሆን አለበት፤ አለዚያ በሁለት ዘፈን ውስጥ ይፈታል።

ስለ አጨዋወቱ አንድ ነገር ልበል። ኤስታምፒ በክፍል በክፍል ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ መጀመሪያ ሲጨርስ ሳይዘጋ ይንጠለጠላል፣ ሁለተኛው ያሳርፈዋል። ፓሪስ ባለው፣ «የንጉሡ ብራና» በሚባለው ጥንታዊ የዜማ መጽሐፍ ላይ ስምንት ኤስታምፒዎች ተጽፈዋል፤ ሁሉም አንድ የዜማ መስመር ብቻ ናቸው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ከበሮና ዋሽንት የሚደራርቡበትን አስተማሪዎች አልስማማባቸውም። ያ መንጠልጠልና ማረፍ በጩኸት ውስጥ ይጠፋል። መጀመሪያ ክፍሉን እያንጎራጎራችሁ ተራመዱበት።

ውዝዋዜውን በተመለከተ ግን የምናዘዘው አለኝ። በእጃችን ያሉት የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ የውዝዋዜ መጻሕፍት የ15ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ዶሜኒኮ ዳ ፒያቼንዛ የጻፈው ዓይነት። እኔ ይህን እያወቅሁ በአንድ ትንሽ ዝግጅት ላይ የእነዚያን እርምጃ ከኤስታምፒ ጋር አገናኝቼ «በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ይጨፍሩ ነበር» ብዬ ተናገርኩ። አንዲት ሴት ማስታወሻ ስትይዝ አየኋት። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

አሁን የቀረኝ የሁለተኛው አጃቢ ጅማት ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ጥጡን ገና አልተቀበለም። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት እንደገና እጠመጥማለሁ።