ግራው ጎን

ዛሬ ግራ ጎኑ የተዘጋብኝን የጆሮ ማዳመጫ ለማስጠገን ወሰድኩት። ጠጋኙ አባት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ከፀጉር የቀጠነችውን ሽቦ በየዱና «እስቲ አንድ ነገር ክፈቺ» አሉኝ። ስልኬ ላይ ትናንት ያቋረጥኩት የአሜሪካው ሮክ ባንድ የሊንኪን ፓርክ የምርጥ ሥራዎች አልበም «ፔፐርከትስ» ነበር፤ ከፈትኩት። እርሳቸው የተጠገነውን ጎን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ትንሽ ሰሙና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

የባንዱ ድምፃዊ ቼስተር ቤኒንግተን ነበር። «ሞቷል፣ አባቴ» አልኳቸው። ምንም አላሉም። ማዳመጫውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉት፤ ቀስ ብለው፣ ሁለቱንም ጎን፣ የሚያለቅስ ሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ ሰጡኝ።

አልበሙ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 20 ዘፈኖች ይዟል፤ የማይክ ሺኖዳ ራፕና የቼስተር ጩኸት ከ2000 ጀምሮ አብረው የሠሯቸው ናቸው። አብዛኞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። የመጨረሻው «ፍሬንድሊ ፋየር» ግን ቼስተር በ2017 ካረፈ በኋላ ለዓመታት ሳይወጣ የቆየ ነው። የምርጥ ሥራዎች ስብስብ ለእኔ ሁልጊዜ የሒሳብ መዝጊያ ነበር፤ የታወቀው ተደምሮ ያልቃል። እዚህ ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ሰምቼው የማላውቀው ድምፁ መጣ። ያንንም እስከ ዛሬ የሰማሁት በአንድ ጆሮ ብቻ ነበር።

ማታ መብራቱን አጥፍቼ በሁለቱም ጆሮዬ ሰማሁት። በግራ በኩል የአባትየው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ በጊዜው የጠየቀው ሰው ነበረ ይሆን?