ከድሬ ሳትወጡ የዲክላራሲዮኑን ኮፒ ያዙ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ሐረር ለመሸጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ዲክላራሲዮን የምለው አስመጪው ዕቃውን ወደ አገር ሲያስገባ ጉምሩክ ያስመዘገበውን ሰነድ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ግዢው ቀላል ነበር። ቫቱን ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቆረጠልኝ፣ ዕቃው ተጫነ። ኬላ ላይ ፈታሹ ካርቶኑን ገልብጦ ሴሪያል ቁጥሩን አየና ደረሰኙን ተቀበለኝ። ደረሰኙ ላይ ያለው «ቴሌቪዥን 43 ኢንች» የሚል ብቻ ነው። «የዚህ ዕቃ ደረሰኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ዕቃው ተያዘ፣ እኔም ቃል ስጥ ተባልኩ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መርማሪው «ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን አስረዳ» አለኝ። ያልተከፈለበት መሆኑን እናንተ አስረዱ ስለው «ኮንትሮባንድ ላይ የማስረዳት ሸክሙ ያንተ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ሻጩ ጋ ተመለስኩ፤ እሱም ከአከፋፋይ ነው የገዛው። አከፋፋዩ ደግሞ ዲክላራሲዮኑን ኮፒ አላስደርግም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ በምን አቅሜ ላስገድደው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው እንደ ነጻ ይገመታል ይላል። አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። በስርቆት የተከሰሰን ሰው ጥፋት ዐቃቤ ሕግ ያስረዳል፤ ቴሌቪዥን የጫነ ቸርቻሪ ግን ንጽህናውን ራሱ ያስረዳ ይባላል። አስመጪው ሰነዱ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ቸርቻሪው በሦስተኛ እጅ ገዝቶ አይቶት የማያውቀውን ወረቀት አምጣ ይባላል። ኮንትሮባንድ ቀረጥ ከፍሎ የሚነግደውን ሰው እንደሚያከስር አውቃለሁ። ግን ዲክላራሲዮኑን የመዘገበው መንግሥት ራሱ አይደል እንዴ? መዝገቡን ማየት ለማን ይቀላል?

ይህንኑ በጽሑፍ አስገባሁ። «የአከፋፋዩ ስም ይኸው፣ ራሳችሁ መዝገባችሁን እዩ» አልኩ። ብዙ አመላልሰውኝ በመጨረሻ አዩት፤ ተገኘ፤ ዕቃዬ ተለቀቀ። በዚህ እኮራለሁ።

ሕጋዊ ደረሰኝ ይበቃል የሚሏችሁን አትመኑ። ሴሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ የዲክላራሲዮን ኮፒ የማይሰጥ ነጋዴ ጋ አትግዙ። ቃላችሁን ሲቀበሉ ያላላችሁትን ከጻፉ አትፈርሙ። ክስ ከመጣ ደግሞ የአንቀጽ 20ን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አንሱ፣ በአንቀጽ 84 መሠረት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር መጋጨቱን ለሚመረምረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመራልን በሉ። «ዳኛውን ታስቀይማላችሁ» የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠበቃ ፈልጉ።