ጣሪያውን ማን ወሰደው?

የጎንደር ልጅ ፋሲል ግቢን የሚያውቀው በውጭ በኩል ነው። በአጥሩ ሥር ያልፋል፣ ጃን ተከል ዋርካ ጋ ይቀጣጠራል፤ መግባቱን ግን ለእንግዳ ትቶታል። የእኔ 10ኛ ክፍሎችም እንደዚያው ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ገባሁ።

የአፄ ፋሲል ግንብ ጋ ፎቶ ተነሱ። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጋ ስንደርስ አንዷ ቀና ብላ አየችና፣ "ቲቸር፣ የዚህኛው ጣሪያ የት ሄደ?" አለች።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

"ማን ያፈረሰው ይመስላችኋል?"

"ጣሊያን ነዋ!" አሉ በአንድ ድምፅ። እኛ ከተማ የፈረሰው ሁሉ የጣሊያን ነው። የተሠራውም እንደዚያው፣ ፒያሳን ጨምሮ።

"በሉ፣ ቤት ያሉ አዛውንቶችን ጠይቃችሁ ኑ።"

ሰኞ ክፍሉ ገበያ መሰለ። የአንዱ ቅድመ አያት፣ "ጣሊያን ግቢው ውስጥ ስለነበረ በአውሮፕላን የመታው እንግሊዝ ነው" ብለዋል። የ1941ዱን (እ.ኤ.አ.) ድብደባ ማለታቸው ነው። ሌላው የ1704ቱን (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ ከስልኩ አነበበ። ያቺው ልጅ ተነሳች፦ "ታዲያ ቦምቡ ሲመጣ ጣሪያ ነበረው ወይስ አልነበረውም?"

ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን ጠይቄ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ለካ ኋላ ወንበር ላይ ክፍል ሊመዝን የመጣ ሱፐርቫይዘር ነበር። ደወሉ ሲደወል ጎተት አድርጎ በር ላይ ያዘኝ።

"መምህር፣ መልሱን ታውቀዋለህ አይደል?"

"በከፊል።"

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም? 40 ደቂቃ ሙሉ እኮ እነሱ ናቸው ያወሩት!"

"እሱን ፈልጌ ነው" ልለው ነበር። ያልኩት ግን "እሺ፣ አስተካክላለሁ" ነው። ቅጹ ላይ "ማጠቃለያ አልሰጠም" ብሎ ጻፈ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይኸው ሰው ከሰዓት በኋላ ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ሰጠን። ሁለት ሰዓት ብቻውን አወራ።

ይህን ታሪክ ሻይ ቤት ስንቀመጥ ሳወራው ሁልጊዜ እዚህ ጋ አቆማለሁ። ቀሪውን ለማንም አልናገርም።

ሚድ ደረሰ። ስድስት ሴክሽን ማረም አለብኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም ምርጫ አደረግሁት። ተራ ቁጥር 7፦ "የኢያሱን ግንብ የጎዳው፦ ሀ. ጣሊያን ለ. እንግሊዝ ሐ. የመሬት መንቀጥቀጥ መ. መልስ የለም"። የእርማት ወረቀቴ "ለ" ይላል።

ልጅቷ ሁለቱን አክብባለች፣ "ለ"ንም "ሐ"ንም። በሕጉ መሠረት ዜሮ ሰጠኋት። ወረቀቱን ይዛ መጣችና፣

"ቲቸር፣ ቅዳሜ እንደገና እንሂዳ" አለችኝ።