«ወሬ አልተረጉምም»

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው። እማማን ፒያሳ ወዳለችው የትርጉም ቤቴ ያመጣቸው ጎረቤቴ ጉዳይ አስፈጻሚው ነበር። ልጃቸው ሜልቦርን ጥገኝነት ጠይቆ «ማስረጃ ላኩልኝ» ብሏል። ጎረቤቴ ደግሞ ለመጣው ሁሉ የሚያዛት አንዲት መድኃኒት አለችው፦ «ችግር አብዙበት። ፈረንጅ ሆዱ ቶሎ ይባባል።»

እማማ ታዲያ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አጽፈው መጡ። ማኅተሙም ቲተሩም በቦታው ነው። «ቋሚ ገቢ የሌላቸው፣ በሰው እርዳታ የሚኖሩ» ይላል። አሳምሬ ተረጎምኩት። እኔው ራሴ ሆድ ባሰኝ።

እየጻፍኩ ሳለ እማማ ጨዋታ ጀመሩ።

«እሱ እኮ ቅዳሜ ገበያ የእህል መደብር ነበረው። በ97 ምርጫ የተቃዋሚ ታዛቢ ሆኖ...»

«እማማ» አልኳቸው፣ ዓይኔን ከኮምፒዩተሩ ሳልነቅል። «እኔ የምተረጉመው ወረቀት ነው። ወሬ አልተረጉምም።»

«እሺ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ዝም አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የትርጉሙን ቅጂ ያየው የልጃቸው ጠበቃ መልስ መጣ። ስድብ የለበትም፤ ግን ከስድብ ይብሳል። የእናቱን ድህነት ማን ጠየቃችሁ ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን የሚያውቃቸው ምክንያቶች አምስት ናቸው፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። ድህነት ስድስተኛ ሆኖ አልገባም። የአውስትራሊያ ሕግ ሰውን መኖር እስኪያቅተው የሚያደርስ የኢኮኖሚ ችግርን ከከባድ ጉዳት ይቆጥረዋል። ሠርቶ መብላት መከልከልም እዚያው ውስጥ አለ። ግን በአጋጣሚ ሳይሆን ሆን ተብሎ፣ ከአምስቱ በአንዱ ሰበብ የደረሰበት መሆን አለበት። የኑሮ ውድነትማ ሁላችንንም ነው የሚገርፈን። ጉዳዩን የሚሰሙት ሰዎች የሚጠይቁት «ምን ያህል ተቸገርክ?» ብቻ አይደለም። «ማን አስቸገረህ? ለምን? ብትመለስስ ይደግሙሃል?» ነው።

እማማን አስጠራኋቸው። ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ የንግድ ፈቃድ ዕድሳት የተጠየቀባቸው ሦስት ማመልከቻዎች ነበሩ፣ የሦስት ዓመት። ሦስቱም ላይ «አልተፈቀደም» ተብሎ ተፈርሟል። ምክንያት የለም።

«ለምን እንደከለከሉት አይልም እኮ» አልኳቸው።

«ምክንያቱን ማን ይጽፈዋል ልጄ? በግራ በኩል በርበሬ ቤቱ ታደሰለት። በቀኝ ጤፍ ነጋዴዋ ታደሰላት። ታዛቢ የሆነው የእኔ ልጅ ብቻ ነው።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጀምሬልህ ነበር። ወሬ አልተረጉምም አልከኝ።»

ይህን ሲሉ ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያሉትን በቃለ መሐላ ጽሑፍ አስፈርሜ፣ ማመልከቻዎቹን ተርጉሜ ላክሁ። ዋጋ አልጠየቅኋቸውም።

«ያቺ የቀበሌዋስ?» አሉኝ ሊወጡ ሲሉ።

«አታስፈልግም እማማ። እንዲያውም ትጎዳዋለች። እንጀራ ፍለጋ ነው የመጣው ያሰኝበታል።»

«ሦስት ቀን የተመላለስኩባት ናት። ትሂድ።»

እሺ አልኳቸው። ዋናዋን ግን አልላክኋትም። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ጎረቤቴ አሁንም «ችግር አብዙበት» ይላል። ደንበኛውም ከእኔ ይበዛል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ጎልማሳ የድህነት ማስረጃ አስይዞ ላከልኝ። ወንበር ስቤለት፣ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «ወሬውን ተወውና ተርጉምልኝ፣ ቸኩያለሁ» አለኝ።